አስታማሚና ጠያቂ

(ይህ ጽሑፍ በክሊኒኩ ተራቸውን ለሚጠብቁ ባለትዳሮች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ ነው።)



ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ ስለ ክኒን ወይም ስለ መርፌ አይደለም፤ ስለ ሆስፒታል በር ነው። «ይህ ደግሞ ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ፤ ይገናኛል።

እንደምታውቁት በእኛ አካባቢ፣ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ፣ «እገሌ ሆስፒታል ተኛ» ከተባለ ቤቱ የሚቀር ሰው የለም። ጎረቤቱ፣ የዕድሩ አባል፣ የሥራ ባልደረባው ሁሉ በሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም ወደ ደሴ ይወጣል። አንዱ «እግዜር ይማርህ»፣ ሌላው «አላህ ያሽርህ» ይላል፤ ሁለቱም በአንድ ፌስታል ብርቱካን ይዘው ይገባሉ። ይህ ባህላችን የሚያኮራ ነው። እኔም የታመምኩ ጊዜ እንዲቀርብኝ አልፈልግም።

ታዲያ በሩ ላይ ስንደርስ ጥበቃው «ሰዓቱ አልደረሰም» ይለናል። እዚህ ላይ ጠብ ይነሳል። እኔን የሚገርመኝ፣ በር ላይ የሚቆም ሥርዓት ለእኛ አዲስ አለመሆኑ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም፤ እናቶቻችን ይህን አክብረው ከውጭ ተሳልመው ይመለሳሉ። መስጊድም ጫማ አውልቁ ስንባል እናወልቃለን። የሆስፒታሉን ሥርዓት ግን እንደ ውጫሌ ውል ጥበቃው አንድ ዓይነት፣ ጠያቂው ሌላ ዓይነት አድርጎ ያነበዋል። ጥፋቱ የጠያቂ ብቻ አይመስለኝም። እኛ የጤና ባለሙያዎች «ክልክል ነው» ብለን ስንጽፍ ለምን እንደ ሆነ የምናስረዳው ከስንት አንዴ ነው።

በመሠረቱ አስታማሚና ጠያቂ አንድ አይደሉም። አስታማሚ ማለት ካርድ ተሰጥቶት ከበሽተኛው ጎን የሚያድር፣ የሚያጥብ፣ የሚያበላ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ሮጦ የሚገዛ ሰው ነው። ጠያቂ ግን አይቶ፣ መርቆ የሚመለስ ነው። ሆስፒታሎች ለአንድ በሽተኛ ብዙውን ጊዜ አንድ አስታማሚ ይፈቅዳሉ፤ ለጠያቂ ደግሞ ሰዓት ይወስናሉ። ሰዓቱ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስለሚለያይ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማንበብ ነው። ጠዋት የሚከለከለው በአብዛኛው ሐኪሞች ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞሩ የሚመረምሩበት ጊዜ ስለ ሆነ ነው። በዚያ ሰዓት በሽተኛው ልብሱን ይገልጣል፣ የማይነገር ሕመሙን ይናገራል። አጠገቡ የተኛው ሰው ዘመዶች ቆመው የሚሰሙ ከሆነ ግን እውነቱን አይናገርም።

የቀሩት ክልከላዎችም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ሕፃናትን ይዞ መግባት የማይፈቀደው ከሌላው በሽተኛ በሽታ እንዳይዙ፣ እነርሱም ጉንፋናቸውንና ኩፍኛቸውን እንዳያደርሱ ነው። ከሰልና ዕጣን የማይገባው ኦክስጅን ባለበት ክፍል እሳት አደጋ ስለሚያመጣ ነው፤ ጭሱም ለታመመ ሳንባ አይበጅም። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ሐኪሙ እስኪፈቅድ ምግብ አይሰጠውም። «አንድ ጉርሻ ብቻ» ተብሎ በፍቅር የተሰጠ እንጀራ ትውከትና ሌላም ጣጣ አምጥቶ አይቻለሁ። አልጋ ላይ መቀመጥም እንዲሁ ነው፤ ቁስሉ ያለው እዚያ ነው።

እጅ መታጠብን በሚመለከት ግን እናንተን ብቻ አልወቅስም። በ1847 (እ.ኤ.አ.) በቪየና ከተማ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም በአራስነት ትኩሳት ይሞቱ የነበሩት እናቶች በሽታው የሚደርሳቸው ሬሳ መርምረው ከሚመጡ ሐኪሞች እጅ መሆኑን ደረሰበት። በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ። ስለሆነም «እጅዎን ታጥበዋል ወይ?» ብላችሁ እኛንም ብትጠይቁ መብታችሁ ነው።

ሥርዓቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሲጠብቅም ሲላላም ኖሯል። በእንግሊዝ አገር እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሆስፒታል የተኛን ሕፃን ወላጆቹ በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚጎበኙባቸው ሆስፒታሎች ብዙ ነበሩ። «እናቱ ስትሄድ ስለሚያለቅስ ባትመጣ ይሻላል» ይባል ነበር። ኋላ ግን ሕፃኑ ዝም ያለው ተስፋ ስለ ቆረጠ እንጂ ስለ ተጽናና አለመሆኑ ታወቀ፤ በ1959 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የመንግሥት ሪፖርትም ወላጆች እንዳይከለከሉ መከረ። በአገራችን በተቃራኒው በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ የሁላችንም በር ጠበበ። ያን ጊዜ በስልክ ብቻ የተሰናበተ ቤተሰብ ዛሬም ይቆጨዋል። እኔም ሥርዓት ሲበዛ ልብ እንደሚሰብር አልክድም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው።

በአንድ ሆስፒታል የወሊድ ክፍል ስሠራ፣ ከወደ አምባሰል የመጣች ወጣት ሚስት በቀዶ ጥገና የመጀመሪያ ልጇን ተገላገለች። ከመውጣቷ በፊት ስለ ወሊድ መከላከያ ላነጋግራት የመጣሁት በጠያቂ ሰዓት ነበር፤ ሥራ በዝቶብኝ ሌላ ጊዜ አላገኘሁም። አልጋዋን አማቷ፣ የባሏ እህቶችና ጎረቤቶች ከበዋል። ገንፎው ይቀርባል፣ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ባልየው ለጠያቂ ቦታ ለቆ በሩ አጠገብ ቆሟል። እኔ በሰው መሀል «መከላከያ ትጀምሪያለሽ ወይ?» አልኳት። አማቷን አየት አደረገቻቸው። አማትዬው «ገና አንድ ወልዳ? ደግሞ ምን ሊባል ነው!» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እርሷም አብራ ሳቀች። እኔም ካርዷ ላይ «አልፈለገችም» ብዬ ጽፌ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ።

ዓመት ሳይሞላ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ተመለሰች። «ሲስተር፣ ያን ቀን ብቻዬን ቢጠይቁኝ ኖሮ እሺ እል ነበር» አለችኝ። ባልየው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ «እኔም እፈልግ ነበር፤ በእናቴ ፊት ግን እንዴት ልናገር?» አለ። የማኅፀኗ ስፌት በደንብ ሳይጠነክር ስለ አረገዘች ክትትሉ ሁሉ በስጋት ነበር። በሁለተኛ ቀዶ ጥገና በሰላም ተገላገለች። አማትዬው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እስከ መጨረሻው ያስታመሟት እርሳቸው ናቸው። ጥያቄዬ ያለ ቦታው ስለ ተጠየቀ ነው መልሱ ያለ ባለቤቱ የተመለሰው።

ስለዚህ ነው የጠያቂ ሰዓት የእናንተም ጉዳይ ነው የምለው። ከወሊድ በኋላ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ የምትቆዩበት ጊዜ አጭር ነው፤ ብዙ ነገር ግን የሚወሰነው በዚያ ጊዜ ነው። ሉፕ ከወሊድ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ይህ ካለፈ አራት ሳምንት መጠበቅ ያሻል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ደግሞ እናቲቱ እያጠባችም ቢሆን ከመውጣቷ በፊት ሊደረግላት ይችላል። ጡት ማጥባት ብቻውን እርግዝና የሚከላከለው ሕፃኑ ስድስት ወር ሳይሞላው፣ የወር አበባ ሳይመለስና ሕፃኑ ቀንም ሌሊትም ከጡት በቀር ሌላ ነገር ሳይቀምስ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይታመንም። የወር አበባ ሳይታይም ሊረገዝ ይችላል። ከአንዱ ወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል። ይህን ሁሉ አሥር ሰው ባለበት አልጋ ዙሪያ ማን ይወያይበታል?

በመሆኑም ምጥ ሳይመጣ፣ ቤታችሁ ሆናችሁ ተነጋገሩ። አስታማሚዋ ማን ትሁን? እናትሽ ወይስ እናቱ? ይህን ለወሊዱ ሌሊት አትተዉት፤ ቅሬታ የሚነሳው ያን ጊዜ ነው። በምጥ ጊዜ የመረጠችው ሰው አጠገቧ ቢኖር እንደሚረዳት ታውቋል፤ ክፍሉ የሚፈቅድ ከሆነ ባልም ሊሆን ይችላል። ለዘመድና ለጎረቤት ባል አስቀድሞ ይናገር፦ «ሆስፒታል ሁለት ሰው ይምጣ፤ ሌላው ቤት ስንገባ ገንፎውንም ቡናውንም አብረን እንቀምሳለን» ይበል። ይህን ሚስት ከተናገረችው «ኮራች» ትባላለች፤ ባል ሲናገረው ይከበራል። ፍትሐዊ አይደለም፣ ነገር ግን እንዲህ ነው። መርዳት የሚፈልግ ወዳጅ ካለ ደሴ ወዳለው ደም ባንክ ሄዶ ደም ቢለግስ በወሊድ ደም ለሚፈሳት ለአንዷ እናት ይደርሳል።

ከነርሷም ጋር የምትነጋገሩበትን ጊዜ ለሁለታችሁ ብቻ ጠይቁ። «ጠያቂ ሲወጣ ተመለሺልን» ብትሏት የምትቆጣ ነርስ አትኖርም፤ ብትቆጣም ደግማችሁ ጠይቁ። ሚስት ብቻዋን መነጋገር ከፈለገችም ባል ቅር አይበለው።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ። በሰው ፊት የማይጠየቅ ከሆነም ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ክፍል ባዶ ነው፤ ተራችሁ ሲደርስ እዚያ እጠብቃችኋለሁ።