ተወካያችሁ ሲመጣ ምን ትጠይቃላችሁ?

ወገኖቻችን፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ምክር ቤት ተወካይና ስለ መራጩ ሕዝብ ነው። ፊደል ስናስቆጥር ብዙዎቻችሁ «ማንበብ ለገበሬ ምን ይፈይዳል?» ትሉን ነበር። አንዱ ፋይዳው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ይባሉ ነበር። የሕግ መወሰኛው አባላት ሴናተሮች ይባላሉ። እነሱን ከመሳፍንቱ፣ ከመኳንንቱና ከሹማምንቱ መካከል የሚሾሟቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። የሕግ መምሪያው አባላት ኋላ ላይ በሕዝብ ድምፅ ቢመረጡም፣ ንብረት የሌለው ሰው ዕጩ መሆን አይችልም ነበር። ሴናተሩ ግን ጭራሹን መራጭ የለውም። መራጭ የሌለውን ሰው «ምን ሠራህ?» የሚለው ማን ነው? የሚፈራው የሾመውን ብቻ ነው። የጭሰኛውን ውል የሚያሻሽለው ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤት ቀርቦ ሳይጸድቅ የቀረው በዚህ ይመስለናል። ምክር ቤቶቹ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ተዘጉ። ጭሰኝነት በሕግ የቀረው ከዚያ በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

አሁን ያለው ሕግ ሌላ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በየ5 ዓመቱ በሕዝብ ይመረጣል። አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝቡ በተወካዩ ላይ እምነት ካጣ ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ ተወካይ መጥቶ የሠራውን ሲያስረዳ ዕዳውን ከፈለ እንጂ ውለታ አልዋለም። በግ ማረድም አያስፈልግም።

ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ በመካከሉ የ1 ወር ዕረፍት አለው። ረጅሙ ዕረፍት ክረምት ላይ ይውላል ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ጭቃ የሚረግጥ ገበሬ ለስብሰባ ጊዜ ከየት ያመጣል? በበዓል ቀን ይምጡልን በሉ።

ሲመጣስ? መንገድና ውኃ መጠየቅ ደግ ነው። የተወካዩ ዋና ሥራ ግን ሕግ ማውጣት ነውና ስለ ሕጉ ጠይቁት። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አዲስ የገጠር መሬት አዋጅ አጽድቋል፤ ቁጥሩ 1324/2016 ነው። የ1997ቱን አዋጅ ቁጥር 456 የተካ ነው። አዲሱ አዋጅ ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል። መሬቱ ዛሬም አይሸጥም አይለወጥም፤ የሚያዘው መብቱ ነው። ይህ ለበሬና ለማዳበሪያ ብር ላጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ካልተጠነቀቁ ደግሞ ትልቅ ጣጣ ያመጣል። ብድሩ ባይመለስ ማሳውን ማን ያርሰዋል? ለስንት ዓመት? ባል ሚስቱን ሳያስፈቅድ ማስያዝ ይችላል ወይ? ዝናብ የቀረ ዕለትስ? ከዚያም፦ «እርስዎ እጅዎን ያወጡት ለድጋፍ ነው ወይስ ለተቃውሞ? ስለ ምን?»

«ሁሉም ለእናንተ ጥቅም ነው» የሚል መልስ ቢሰጥ፣ አንቀጹ የቱ ነው በሉት። አዋጅ የሚታተመው በነጋሪት ጋዜጣ ነው፤ አማርኛውም እዚያው አለ። «ያንብቡልን» ማለት ቀርቷል፤ «ይስጡን፣ እኛው እናነበዋለን» በሉ። ቃሉ ይከብዳል (ሕግ ጻፊዎች ቀላል ቃል አይወዱም)፤ ቢሆንም አንዱ ሲያነብ ሌላው እያዳመጠ፣ አንድ አንቀጽ በአንድ ማታ ይወጣል።

በስብሰባው ቀን እጁ የፈጠነ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ይቀመጥ። ጥያቄውን፣ መልሱንና ቀኑን ይጻፍ። ተወካዩ «አጣርቼ እነግራችኋለሁ» ቢል እሱም ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነበብለት ያ ገጽ ነው።