ሸክሙን ማን ይሸከም? ስለ ሰውና ስለ ሮቦት የወደፊት ኑሮ

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ጉባኤ ላይ የተነበበ)




እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «ሰውና ሮቦት ወደፊት እንዴት አብረው ይኖራሉ?» የሚል ነው። ርእሱን በተቀበልን ዕለት ጓደኞቻችን ሳቁብን። «ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ስለ ሮቦት መከራከር ላም አለኝ በሰማይ ማለት ነው» አሉን። እኛም መጀመሪያ ላይ ከእነርሱ ጋር ሳቅን። ነገሩን ባሰብንበት መጠን ግን ጥያቄው ከሰማይ ያለች ላም ሳይሆን ከደጃችን የቆመች አህያ ሆኖ አገኘነው። ምክንያታችንን በቅደም ተከተል እናቀርባለን፤ ፍርዱ የእናንተ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ እንናገር። «ሮቦት» የሚለውን ስም ለዓለም ያስተዋወቀው የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1920 ባሳተመው የቴአትር ድርሰት ነው። ስሙን የጠቆመው ወንድሙ ዮሴፍ መሆኑንም ደራሲው ራሱ ተናግሯል። በቼኮች ቋንቋ «ሮቦታ» ማለት ጭሰኛው ለባለ መሬቱ ያለ ደመወዝ የሚሠራው የግዳጅ ሥራ ነው። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ብዙ አያደክምም፤ አባቶቻችን ሁዳድ ብለው ያውቁታልና። የገበሬው የራሱ ማሳ አረም እየዋጠው እርሱ የጌታውን ሁዳድ ያርስ ነበር። እንግዲህ ሮቦት በስሙ ገባር ነው። በድርሰቱም ውስጥ እነዚህ ገባሮች በመጨረሻ በጌቶቻቸው ላይ ይነሣሉ። ስለዚህ የሮቦት ጉዳይ ከጥንስሱ የብረትና የሽቦ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ማን ይሠራል፣ ማንስ ይበላል የሚል ጉዳይ ነበረ።

ይህን ሐሳብ ይዘን አንድ ቅዳሜ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥተን ወደ እንጦጦ ሽቅብ ወጣን። ዓላማችን ከተራራው ላይ ያለውን የሕዋ መመልከቻ ጣቢያ አካባቢ ለማየት ነበር። ጣቢያው ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ የእያንዳንዳቸው መስተዋት አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሁለት ታላላቅ ቴሌስኮፖች አሉት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ምድር ወደ ሕዋ በተወነጨፈች ጊዜም፣ የምታነሣውን ሥዕል የሚቀበለው የምድር ጣቢያ የተተከለው በዚሁ በእንጦጦ ነው። ሳተላይት ማለት እጅና እግር የሌላት ሮቦት ናት። የሰው እግር በማይደርስበት ቦታ ሆና ስለ እርሻችን፣ ስለ ደናችንና ስለ ውሃችን እንድትመለከት ተላከች። እንግዲህ ሮቦት ወደ አገራችን ይመጣል ወይስ አይመጣም እያልን ስንከራከር፣ እርሱ ከራስጌያችን ወጥቶ ቁልቁል ሲያየን ቆይቷል።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ አንዲት እናት የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ አገኘን። ገመዱ ደረታቸውን አጥብቆ ይዞታል። ሰላምታ ሰጥተን «እማማ፣ እናግዝዎት» ብንላቸው ፈገግ አሉ። ከመካከላችን ጉልበተኛ ነኝ ባዩ ሸክሙን ተቀብሎ ጥቂት እርምጃ እንደ ሄደ ጉልበቱ ተብረከረከና አወረደው። እርሳቸው ግን እንዲህ ያለውን ሸክም ተሸክመው ከንጋት በፊት ወጥተው ረፋድ ላይ ከተማ ይወርዳሉ። «ይህን የሚሸከም መኪና ቢመጣ ደስ ይልዎታል?» ስንል ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ሸክሙን ይውሰድልኝ ልጆቼ፤ እንጀራዬን ግን ይተውልኝ» አሉ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ስለዚህ ርእስ ካነበብነው ሁሉ ይህ አንድ ቃል በልጦብናል። ሊቃውንት በብዙ ገጽ የሚጽፉትን ጭንቀት በሁለት ሐረግ ጨርሰውታልና።

በርግጥ የእርሳቸውን እንጀራ የሚነካው ሮቦት ምን ዓይነት ነው? ብዙዎቻችን በሁለት እግሩ የሚሄድ የብረት ሰው እንጠብቃለን። እኛ ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው እንላለን። የእንጦጦ እንጨት የሚሸጠው የከተማው እናቶች እንጀራ ስለሚጋግሩበት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በገባበት ቤት ሁሉ አንድ የእንጨት ገዢ ይቀንሳል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የሕዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይሉ ወደየቤቱ እየተዳረሰ በሄደ ቁጥር ጭሱ ይቀንሳል፤ ደኑ ያርፋል፤ የሚጋግሩት እናቶች ዓይንና ሳንባም ይድናል። ይህ ሥልጣኔ ነው፤ ማንም ሊቃወመው አይገባም። ነገር ግን ሸክሟን ያወረደችው ሴት በማግስቱ ምን ትሠራለች? ምጣዱን የሠራው መሐንዲስ ይህን አልተጠየቀም። ምጣዱን የገዛው ቤተ ሰብም አልተጠየቀም። ያልተጠየቀ ጥያቄ ደግሞ ዕዳው ድምፅ በሌለው ሰው ላይ ያርፋል።

ይህ ነገር በዚህ ተራራ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ከትመው በነበሩበት ዘመንና አዲስ አበባ በተቆረቆረች ጊዜ የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማዋን ባለችበት እንድትጸና ከረዷት ነገሮች አንዱ ከአውስትራልያ የመጣው ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። ፈጥኖ ያድጋል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በዘመኑ ዐይን ሲታይ ተአምረኛ መኪና ነበር ማለት ይቻላል። ታዲያ ይህ እንግዳ ከተማዋን አዳነ፤ ዳሩ ግን ውሃዋን አብዝቶ ጠጣ፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አላበቅል አለ። ማገዶውን ከተራራው ወደ ከተማ የማውረዱን ዕዳ ደግሞ በድኻ ሴቶች ጀርባ ላይ ጫነ። ዛሬ በእንጦጦ አገር በቀል ዛፎችን መልሶ ለመትከል ስንደክም እናያለን። የመጣውን እንግዳ ያለ ጥያቄ ማስተናገድ የልጅ ልጅ የሚከፍለው ዕዳ እንዳለው ባሕር ዛፍ ይመሰክራል። ሮቦትም ለእኛ ዘመን ባሕር ዛፍ ነው። አናባርረውም፤ ነገር ግን የት እንደምንተክለው እንምረጥ።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ አስተያየት እናርም። ሮቦት ብቻውን የቆመ ፍጡር የሚመስለን ብዙዎች ነን። ሶፊያ የተባለችውን የሆንግ ኮንግ ሮቦት ታስታውሳላችሁ። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ ዜግነት ሰጠኋት ብላ ዓለምን አስደነቀች። የአእምሮዋን ሥራ በከፊል ካዘጋጁት መካከል እዚሁ አዲስ አበባ የሚገኘው የአይኮግ ላብስ ወጣቶች ነበሩበት። በዚያው ዓመት በክረምቱ መግቢያ ወደ አገራችን ስትመጣ ግን የአካል ክፍሎቿን የያዘ አንድ ሻንጣ በመንገድ ላይ መጥፋቱ ተሰማ። ዜግነት ያላት እመቤት ሻንጣ ስለ ጠፋባት ጎደሎ ሆነች! ሳቁን ትተን ትምህርቱን ብንወስድ፣ ከእያንዳንዱ ሮቦት ጀርባ የሚያለማምደው፣ የሚጠግነውና የሚሸከመው ሰው አለ ማለት ነው። ከማኅበራዊ መገናኛ ላይ ክፉውን ጽሑፍና አሰቃቂውን ሥዕል የሚያጠራው መኪና ብቻ ይመስለናል። በናይሮቢ ተቀምጠው የኢትዮጵያ ቋንቋዎችን ጨምሮ የብዙ አገር ቋንቋዎችን ሲመረምሩ የነበሩ ወጣቶች ግን በ2015 ዓ.ም. በኬንያ ፍርድ ቤት አቤቱታቸውን አሰምተዋል። ስለዚህ «ሮቦቱ ሠራው» ሲባል የማን እጅ እንደ ተሸሸገ መጠየቅ የተማረ ሰው ግዴታ ነው።

አሁን ደግሞ ጣታችንን ወደ ራሳችን እናዙር። የሴትዮዋን ሸክም መሸከም ያልቻልን እኛ፣ የራሳችንን ሸክም እያወረድን ነው። ከመካከላችን የቤት ሥራውን ለመኪና አስጽፎ በስሙ ያስረከበ የለም? እኛ ይህን የምንናገር ሰዎች እንኳ ንጹሓን ነን አንልም። አንድ ሌሊት ደክሞን እንዲህ ያለ ጽሑፍ አስጻፍን፤ ውጤቱም መልካም ሆነ። በሳምንቱ መምህራችን ከጽሑፉ አንድ ዐረፍተ ነገር አንሥተው «ይህን እስቲ አብራሩልን» ባሉ ጊዜ ግን አንገታችንን ደፋን። የዚያን ቀን ያጣነው ማርክ አይደለም፤ የራሳችንን ቃል ነው።

ስለዚህ ሸክም ሁለት ዓይነት መሆኑን ተረዳን። አንደኛው ጀርባ የሚያጎብጥ ሸክም ነው፤ የእንጦጦዋ እናት እንጨት፣ የጉድጓድ ቆፋሪው አፈር፣ የድንጋይ ፈላጩ አቧራ እንደዚህ ያሉ ናቸው። ይህን መኪና ይውሰደው፤ በደስታ እንሸኘዋለን። ሁለተኛው አእምሮን የሚያቀና ሸክም ነው፤ ማንበብ፣ ማመዛዘን፣ መጻፍ፣ የታመመን መጠየቅ፣ በተጣሉ መካከል መፍረድ እንደዚህ ያሉ ናቸው። ይህን ለመኪና የሰጠ ሰው ዕረፍት ያገኘ ይመስለዋል እንጂ ሰውነቱን ነው ያስረከበው። የእኛ ዘመን ትልቅ ስሕተት የመጀመሪያውን ሸክም በድኻው ጀርባ ላይ ትቶ፣ ሁለተኛውን ከተማሪው ትከሻ ላይ ማውረዱ ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኗል።

ምን እናድርግ? ትችት ብቻ አቅርቦ መቀመጥ ስለማይገባ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ማኅበራችን በመጪው የዕረፍት ጊዜ ከእንጦጦ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ኮተቤ በሚወርዱት መንገዶች ላይ ተማሪዎችን ያሰማራ። የኢኮኖሚክስ፣ የምሕንድስናና የማኅበራዊ ጥናት ተማሪዎች ተቀናጅተው ስንት ሴቶች እንደሚሸከሙ፣ ምን ያህል እንደሚያገኙ፣ ሸክሙ ቢቀር ምን መሥራት እንደሚሹ ጠይቀው ይመዝግቡ። ውጤቱም በዚሁ ጋዜጣ ይውጣ። አዲስ መኪና ከመምጣቱ በፊት የሚነካውን ሰው መቁጠር የሥልጣኔ መጀመሪያ ነው።

ሁለተኛ፤ መኪና ከሚያስገኘው ትርፍ ሥራውን ላጣው ሰው ድርሻ እንዲታሰብ እንከራከር። የካቲት 1957 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲወጡ የተሳቀባቸው ጊዜ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ያንን መፈክር ገልብጠን እንጩኽ ማለታችን አይደለም፤ ከመፈክር በኋላ የመጣውን መከራም እናውቃለን። ነገር ግን የእነርሱ ዘመን መሬቱ የማን ነው ብሎ ከጠየቀ፣ የእኛ ዘመን መኪናው የማን ነው ብሎ በእርጋታና በጥናት ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሦስተኛ፤ እርስ በርሳችን ቃል እንግባባ። መኪናን እንደ መዝገበ ቃላት እንጠቀምበት፤ እንደ ጸሐፊ ግን አንቅጠረው። በስማችን የምናስረክበው ጽሑፍ ከአንደበታችን ሊወጣ የሚችል ይሁን። መምህሮቻችንም ወረቀቱን ብቻ ተቀብለው ከሚያልፉን ይልቅ ቃላችንን ቢጠይቁን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው።

ሰውና ሮቦት አብረው መኖራቸው አይቀርም፤ ጀምረዋልም። አኗኗራቸው የጌታና የገባር፣ ወይም የገባርና የጌታ እንዳይሆን የሚወስነው ሮቦቱ አይደለም። የእንጦጦዋን እናት ቃል ማን እንደሚሰማ ነው የሚወስነው። እኛ ሰምተናል፤ ለእናንተም አሰማን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ በ12 ሰዓት ለቈጠራው መነሻ የሚሆን መንገድ ለማየት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ እንወጣለን። የሚከተለን ይምጣ።