ወደ ሕግ ትምህርት የሚወስደው መንገድ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ከሐይቅ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው በአምባሰል ምድር ውጫሌን ያገኛል። በዚያ ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋራ ውል ተፈረመ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ ዐፄ ምኒልክ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለመነጋገር እንደሚችሉ ሲናገር፣ ኢጣልያንኛው ግን ነገሩን ግዴታ አደረገው። ይህ ልዩነት በ1888 ዓ.ም. እስከ ዐድዋ አደረሰ። ዛሬም በማመልከቻ ጸሐፊ ደጅ ተቀምጠው፣ በስማቸው የተጻፈውን ሳያነቡ አውራ ጣታቸውን የሚያትሙ አባቶችና እናቶች አሉን። እንግዲህ ሕግ ዐዋቂ ለአገራችን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሌላ ምስክር አንሻም።

ከመካከላችን ሕግ ለመማር የምንመኝ ጥቂቶች አይደለንም። ሆኖም መንገዱን ያወቅነው ዘግይተን ነው። የሕግ ትምህርት ማመልከቻ በዩኒቨርሲቲ በር ላይ የሚጻፍ ይመስለን ነበር። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን እንዲህ አይደለም።

በመጀመሪያ፣ በሩ የሚከፈተው 11ኛ ክፍል ሲገባ ነው። ወደ ሕግ የሚያደርሰው ማኅበራዊ ሳይንስ ነውና። «ጎበዝ ሁሉ የተፈጥሮ ሳይንስ ይማር» የሚለውን ምክር ሰምተው የገቡ ጓደኞቻችን ዛሬ ይቆጫሉ።

ሁለተኛ፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አለ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ጥናት ለነገ አይባልም።

ሦስተኛ፣ ያለፈው ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን ይሞላል፤ በአብዛኛውም ትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል። ቅርባችን ደሴ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ምደባው ግን ሩቅ አገርም ሊያደርስ ይችላል።

አራተኛ፣ እዚያ ደርሶ የጋራውን ትምህርት ከተማረ በኋላ ሕግን ይመርጣል፤ ቦታው ጥቂት ነውና በውጤት ይወዳደራል። ትምህርቱ አምስት ዓመት ይፈጃል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም የሕግ ተማሪ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁን ምን መማር እንደሚወድ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ታናናሾቻችን ሆይ፣ የምርጫው ቅጽ እጃችሁ ሲገባ ውጫሌን አስቡ፤ ያላነበባችሁትን አትፈርሙ።