ፒያሳ ላይ ሳጥን ፍለጋ፣ ስለ ወርቅ ሚዛንም ጥቂት

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ፣ አምስት ኪሎ፣ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ «ልጆቹን ይዛችሁ በየሳምንቱ ፒያሳ የምትዞሩት ለምንድን ነው?» ተብለን ተጠይቀን ነበር። ከማኅበሩ ገንዘብ ወጥቷልና ጥያቄው ተገቢ ነው። የወጣው ለአራት ደብተር፣ ለአንድ ደርዘን እርሳስ፣ ለውኃና ለዳቦ ነው፤ ደረሰኞቹ ከመዝገቡ ጋር ተያይዘዋል፤ ማየት የፈለገች ትይ። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ጨዋታው ራሱና ጨዋታው ሳናስበው ስላመጣብን ጉዳይ ነው።

ጨዋታው በውጭ አገር ጂኦካሺንግ ይባላል። ቦታን የሚያሳየው የሳተላይት ምልክት ድሮ ለተራው ሰው ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ማዛባቱን ያቆመው በሚያዝያ ወር 1992 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ሰው በኦሪገን ግዛት ጫካ ውስጥ ባልዲ ደብቆ የቦታውን ቁጥር ለሌሎች አሳወቀ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ተገኘ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ሳጥኖች ተደብቀዋል። ሕጉ አጭር ነው፤ ሳጥኑን ያገኘ ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ስሙን ይጽፋል፣ ዕቃ ከወሰደ ዋጋው የማያንስ ሌላ ዕቃ ይተካል፣ ሳጥኑን ወደ ቦታው ይመልሳል። እኛ የዕቁብ ልጆች ነንና የተወሰደው መተካት አለበት የሚለው ሕግ አዲስ አልሆነብንም።

በድሮ የወርቅ ከተሞች ደግሞ ጨዋታው ልዩ ጣዕም አለው። በአውስትራሊያ ባላራት ወርቅ የተገኘው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1851 ነው፤ በካናዳ ዶውሰን ሲቲ በ1896 በአካባቢው በተገኘው ወርቅ ምክንያት የበቀለ ከተማ ነው። የወርቁ ግርግር ካለፈ በኋላ ወደ እንዲህ ያሉ ከተሞች እንግዳ የሚሄደው የቀረውን ቤትና ታሪክ ሊያይ ነው። ሳጥን ፈላጊውም ከአሮጌ የማዕድን ጉድጓድ እንዲርቅ ይነገረዋል።

በእኛ አገር ወርቁ የሚቆፈረው በአዶላ፣ በለገ ደንቢ፣ በወለጋና በቤንሻንጉል በኩል ነው። ልጆች ይዘን አዶላ እንውረድ ብንል የትራንስፖርቱን ሒሳብ እናንተም ታውቁታላችሁ። ግን ወርቅ የሚመዘንበት፣ የሚቀልጥበትና የሚሸጥበት ሰፈር ከአምስት ኪሎ በእግር ይደረሳል። ስለዚህ ፒያሳን መረጥን።

ሳጥን መደበቁን ገና በምክክሩ ተውነው። በከተማችን በፌስታል የተጠቀለለ ጣሳ አጥር ሥር ሲሸጉጥ የታየ ሰው ወይ ፈንጂ አጥማጅ ነው ወይ መተተኛ። ፖሊስ ይጠራል፣ ጎረቤት ጠበል ይረጫል፣ ልጆቻችን መሐል ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ በሳጥን ፈንታ ሰው አደረግን። አራቱን ደብተሮች ለጀበና ቡና ሻጭ፣ ለልብስ ሰፊ፣ ከእኛው እናቶች ለአንዷና ለአንድ ወርቅ ቤት ባለቤት ሰጠን። ልጆቹ ፍንጩን ፈትተው ይደርሳሉ፣ ደብተሩን ይጠይቃሉ፣ ይፈርማሉ። አንድ ሕግ ብቻ ጨመርን፤ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ እትዬ» ብላ በወጉ ሰላም ላላለች ልጅ ደብተሩ አይሰጥም። ፍንጩንም በቃል ነው የጻፍነው። የስልክ ካርታ ፎቅ ሥር ሲገባ ይወላገዳል፣ የአንዱን ሱቅ በር ከሌላው አይለይም።

መነሻችን እዚሁ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም በር ላይ ነው። የመጀመሪያው ፍንጭ «እዚህ በእንግድነት ቆይቶ ወደ ቦታው የተመለሰ ጳጳስ» ይላል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች የተገደሉት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ሥራ ሲነሣ በዚህ ሙዚየም ተቀምጦ ነበር፤ በ2008 ተመልሷል። ልጆቹ ድንቅነሽን እንጂ ይህን አያውቁም። ከዚያ በአራት ኪሎ አድርገን፣ የራስ መኰንን ድልድይን ተሻግረን ዳገቱን እንወጣለን።

ሁለተኛው ፍንጭ «ከነፈረሱ የተደበቀ ንጉሥ» ነው። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የቆመው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በፊት በነበረው ቀን ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ነቅሎ ደበቀው፤ ከነፃነት በኋላ ተገኝቶ ተመልሶ ቆመ። አንዷ ልጅ ይህን ስትሰማ «እንግዲያው ጨዋታውን የጀመረው ጣሊያን ነው» አለች። ደብተሩ ላይም እንዲሁ ጽፋዋለች።

ሦስተኛው ፍንጭ ልጆቹን በጣም አድክሟቸዋል። ከእናቶቻችን አንዷ ተወልደው ያደጉበትን ቤት ነው ፍንጭ አድርገው የሰጡን፤ «የእንጨት በረንዳ፣ ከበረንዳው በስተግራ የውኃ ቧንቧ»። ቤቱ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ አብሮ እንደሄደ እያወቁ ነው የሰጡን፤ እኛም አውቀን ዝም አልን። ልጆቹ ሁለት ጊዜ ዞሩ። በስፍራው ያገኙት ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና አግዳሚ ወንበር ነው። መንገዱ ማማሩን አንክድም፤ ማታ ስንመለስ መብራቱን እኛም እንወደዋለን። ወንበሩ ላይ እኚሁ እናታችን ደብተሩን በነጠላቸው ሸፍነው ተቀምጠዋል። ተነሥተው በእግራቸው እየለኩ «ጓዳው እዚህ ጋ፣ ምጣዱ እዚህ ጋ፣ ቧንቧው ያች መብራት የቆመችበት» እያሉ አሳዩአቸው። ልጆቹ በእርሳስ የቤቱን ንድፍ ሠሩ። በውጭው ጨዋታ ቦታው የጠፋ ሳጥን ከመዝገብ ይወጣል፤ እኛ ግን ይቺን አላወጣናትም።

አራተኛው ወርቅ ቤቱ ነው፤ ነገሩ እዚህ ላይ ከጨዋታ አለፈ።

ባለቤቱ ሥራውን ከልጅነታቸው ጀምሮ እሳት ሥር የተማሩ ሰው ናቸው። ለልጆቹ መጀመሪያ የነገሯቸው አንጥረኛ በእጁ ሥራ ይሰደብ እንደነበረ ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የከለከሉበትን አዋጅም ጠቀሱ። ቀጥለው ሚዛኑን ከፍተው ካራትን አስረዱ። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው። 21 ካራት ማለት ከ24 እጅ 21ዱ ወርቅ፣ ቀሪው መዳብ ወይም ሌላ ብረት ነው፤ በመቶ 87.5። 18 ካራት በመቶ 75 ነው። እኛ ሒሳቡን በደብተር ሠራነው፤ 20 ግራም አምባር ባለ 21 ከሆነ ንጹሕ ወርቁ 17.5 ግራም፣ ባለ 18 ከሆነ 15 ግራም ነው። ስንገዛ የምንከፍለው የእጅ ዋጋ ስንሸጥ አይመለስም። ፈርጥ ካለበት ክብደቱ ይቀነሳል።

ይህን እየጻፍን ሳለ ከመካከላችን አንዲት እህት ዝም አለች። የምንናገረው በፈቃዷ ነው። ባለቤቷ የታመመ ጊዜ የሠርግ አምባሯን ብቻዋን ይዛ ወጥታ፣ በአንድ ሱቅ ብቻ አስመዝና ሸጣለች። ስትገዛው 21 ነው ተብላ ነበር፤ ስትሸጠው 18 ነው ተባለች። 20 ግራም ነበር። ልዩነቱ 2.5 ግራም ንጹሕ ወርቅ ነው፤ የዛሬውን ዋጋ ታውቁታላችሁ። የዋሻት የመጀመሪያው ይሁን የሁለተኛው አሁን ማንም ሊፈርድ አይችልም፤ ደረሰኝ የለምና። ለብዙዎቻችን ባንካችን ክንዳችን ላይ ያለው ወርቅ ነው፤ ባንክ ግን ደብተር አለው።

ስለዚህ የሒሳብ ክፍሉ ለውሳኔ የሚያቀርበው ይህ ነው። ወርቅ መሸጥ የግድ የሆነባት አባል ሁለት ሰው ከማኅበሩ አብሯት ይሂድ፤ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይመዘን። ሁላችንም ያለንን ወርቅ ግራምና ካራት አስመዝነን በየግል ደብተራችን እንጻፍ፤ መዝገቡ በየቤታችን ይቀመጥ እንጂ ማኅበሩ አይያዘው፣ ማን ምን እንዳላት መታወቁ ለማንም አይበጅም። ሦስተኛው የአስቸኳይ ብድር ነው፤ ሕመም የገባባት እህት ሳትሸጥ በፊት ከቁጠባው የምትበደርበት። በዚህ ላይ እኛም አልተስማማንም። ከሦስታችን ሁለታችን ያለ ወለድ ይሁን እንላለን፤ አንዷ ደግሞ መደበኛው የብድር ወለድ ካልተከፈለ ቁጠባው በሁለት ዓመት ይመነምናል ትላለች፣ ሒሳቡንም ሠርታ አምጥታለች። ወርቁን በመያዣነት መቀበልን ግን ሦስታችንም አንደግፍም። የት ይቀመጣል? የገንዘብ ያዥዋ ቤት ቆርቆሮ በር ነው።

የብድሩ ሁለት ስሌቶች በወረቀት ተባዝተው ቡናው ሲቀርብ ይታደላሉ። አንብባችሁ፣ ማንበብ ለማይመቻቸው እናቶች ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ፣ ከሁለተኛው ስኒ በኋላ እጅ እናወጣለን። የሚቀጥለው ፍለጋ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሙዚየሙ በር ላይ ነው። ልብስ ሰፊው ደብተሩ ስለሞላ አዲስ እንዲመጣላቸው ጠይቀዋል፤ ወጪው በዚህ ወር ይመዘገባል።