እምቢተኛ ልጅና መምህሩ



ታዝዞ እምቢ ያላለ፣ ተቈጥቶ ያላኰረፈ ልጅ የለም። ስለዚህ እምቢታ ሁሉ ሕመም አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. የተቃዋሚነትን ጠባይ በሕመሞች መዝገብ አገባው። በ2013 ዓ.ም. በወጣው መዝገብ መሠረት፣ ቶሎ መቈጣት፣ ከታላላቆች ጋር መከራከር፣ ሆን ብሎ ሰውን ማስቈጣትና ቂም መያዝ ከሚገኙባቸው ስምንት ምልክቶች ቢያንስ አራቱ ለስድስት ወር መታየት አለባቸው፤ ከወንድምና ከእኅት ጋር ብቻ የሚደረግ ጠብ አይቈጠርም። ይህን መለየት የሐኪም ሥራ ነው።

ጠባዩ እንዴት ይጸናል ቢሉ፣ ጄራልድ ፓተርሰን የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በቤተሰብ መካከል የገለጡት ነገር በክፍልም ይታያል። መምህሩ ያዛል፤ ልጁ ይጮኻል፤ መምህሩም ሰልችቶ ትእዛዙን ይተዋል። በዚያች ሰዓት ልጁ ጩኸት እንደሚያድን፣ መምህሩም መተው ዕረፍት እንደሚሰጥ ይማራሉ። በማግሥቱ ሁለቱም የተማሩትን ይደግማሉ።

በትር ይህን ቋጠሮ አይፈታም፤ በእኛ አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ልጅን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ጠብቆታል። የሚበጀው ትእዛዝን በአጭርና በረጋ ድምፅ መናገር፣ የተናገሩትን አለመሻር፣ ልጁ በፈጸመ ጊዜም ያደረገውን ለይቶ ማመስገን ነው። «ወላጅህን ይዘህ ና» የሚለው ቃልም ለክስ ብቻ አይሁን። እናቱ ስለ በጎ ሥራው አንድ ቀን ብትጠራ፣ ቤትና ትምህርት ቤት በአንድ ልብ ለመምከር ይችላሉ።

የተባረረ ልጅ እምቢታውን ይዞት ይወጣል እንጂ በክፍል ትቶት አይሄድም። እንግዲህ ስሙን ከመሠረዛችን አስቀድሞ ጆሮው ይሰማ እንደ ሆነ፣ ቤቱም ሰላም እንደ ሆነ እንጠይቅ።