ከእናት ወደ አራስ የሚሻገር የጡንቻ ድካም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስሜን የሚያመራው መንገድ ዳባትን አልፎ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያ ባሻገር የሊማሊሞ ገደል ነው። በዚህ አገር የሚሠራ የጤና ባለሙያ አንድ አራስ ጡት አልይዝ ሲለው አስቀድሞ የሚያስበው የደም መመረዝን፣ በምጥ ጊዜ መታፈንን ወይም ያለ ጊዜ መወለድን ነው። አሳቡም ትክክል ነው፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አይወጣምና። ይሁን እንጂ እምብዛም የማይታይ፣ በታየ ጊዜ ግን በቶሎ ካልታወቀ ሕይወት የሚያጠፋ ሌላ ምክንያት አለ። እርሱም የሚገኘው በሕፃኑ ሳይሆን በእናቲቱ ደም ውስጥ ነው።

የእናቲቱ በሽታ ሚያስቴኒያ ግራቪስ ይባላል። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝዘው አሴታይልኮሊን በተባለ ንጥረ ነገር አማካይነት ሲሆን፣ ሰውነት የራሱን አካል እንደ ባዕድ ቈጥሮ የሚያመነጨው አንቲቦዲ በጡንቻው ላይ ያሉትን የትእዛዝ መቀበያዎች ይዘጋል፤ ያፈርሳልም። ሴቲቱ ማለዳ ደኅና ትውልና ሲመሽ የዓይኗ ቆብ ይወድቃል፤ እንጀራ እያኘከች መንጋጋዋ ይዝላል። ጎረቤት «ቡዳ በላት» ይላል፤ ስንፍና ነው የሚልም አይጠፋም። በ1934 እ.ኤ.አ. ሐኪሟ ሜሪ ዎከር በለንደን ፊሶስቲግሚን በተባለ መድኃኒት የአንዲት ሕመምተኛን ኃይል ለጊዜው መመለስ እንደሚቻል አሳየች፤ ዛሬ የሚሰጡት ኒዮስቲግሚንና ፒሪዶስቲግሚንም የዚያው ወገን ናቸው።

እናት ልጇን ከኩፍኝ የምትጠብቅበት አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ በኩል ይሻገራል። ጎጂውም የሚያልፈው በዚያው በር ነው። በሽታው ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት መካከል ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ ይደክማሉ። ልቅሷቸው ይሰልላል፤ ገላቸው ይልፈሰፈሳል፤ ጡቱን ጎርሰው ጥቂት ስበው ይተዉታል፤ የከፋ እንደሆነም መተንፈስ ያቅታቸዋል። የእናቲቱ ሕመም መቅለሉ ለልጁ ዋስትና አይሆንም። ታላቁ ታሞ ከነበረ ግን ለታናሹ ይበልጥ ሊፈራለት ይገባል።

አደጋው ከቤት ይጀምራል። ጡት ያልያዘ ሕፃን «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ እንጥሉ ይቈረጣል፤ አለዚያም ቅቤ ያልሱታል። መዋጥ ለተሳነው አራስ ያ ቅቤ ወደ ሳንባው መግባቱ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ለደም መመረዝ የሚሰጠው ጀንታማይሲን የነርቭንና የጡንቻን ግንኙነት የሚያዳክም መድኃኒት ስለሆነ የዚህን ሕፃን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። እንዲህ ሲባል የታመመ አራስ ሁሉ መርፌው ይከልከል ማለት አይደለም፤ እንዲያ ቢሆን የሚሞተው ይበዛል። የሚፈለገው የእናቲቱ በሽታ መርፌው ከመወጋቱ በፊት መታወቁ ነው። ለእናቲቱም ቢሆን ለኤክላምፕሲያ የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት ሌላዋን ወላድ የሚያድነውን ያህል እርሷን ሊገድላት ይችላል።

ሕክምናው በአንጻሩ ቀላል ነው። ሕፃኑ የታለበ የእናቱን ጡት በቱቦ ይመገባል፤ ትንፋሹ ይጠበቃል፤ ካስፈለገም ምግብ ከመውሰዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ኒዮስቲግሚን ይሰጠዋል። የተዋሰው አንቲቦዲ በየቀኑ እየቀነሰ ስለሚሄድ ድካሙ በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ፣ አንዳንዴም ዘግይቶ፣ ይለቀዋል።

በሽታዋ የታወቀ ነፍሰ ጡር የመተንፈሻ መሣሪያ ካለበት ሆስፒታል ልትወልድ ይገባል፤ ለደባርቅና ለዳባት ሰው ይህ ጎንደር ነው። በወለደች በማግሥቱም ወደ ቤቷ አትሰናበት፤ ድካሙ የሚገለጠው በሦስተኛው ቀን ሊሆን ይችላልና። በሽታዋን ራሷም ሳታውቅ የምትወልድ ደግሞ አለች። እንዲህ ባለው ጊዜ የእናቱን ሕመም የሚያስታውቀው ሕፃኑ ይሆናል። አዋላጇ ያለ ትኩሳት የሚልፈሰፈስ አራስ ባየች ጊዜ ፊቷን ወደ እናቲቱ ትመልስ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዓይኗን ሳትከድን ወደ ላይ እንድትመለከት ትጠይቃትና ቆቧ ቀስ በቀስ ሲወርድ ካየች በሪፈር ወረቀቱ ላይ ትጻፈው።