ምን ልግዛ? ስለ ቤዝ ጊታር፣ ስለ ጆሮና ስለ ገንዘብ



ባለፈው ወር አንድ ተማሪ ቢሮዬ መጥቶ የሁለት ቤዝ ጊታሮችን ፎቶግራፍ በስልኩ አሳየኝና «እርስዎ የትኛውን ይመክሩኛል?» ሲል ጠየቀኝ። የርካሹ ዋጋ እንኳ የአባቱ የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ አልሸሸገኝም። እኔም ወደ ክፍል እየተጣደፍሁ ስለነበር «ከቻልህ ውዱን» ብዬ ሸኘሁት። የዛሬው ንግግሬ የዚያ መልስ እርማት ነው።

ሠላሳ ዓመት ያህል ቤዝ ተጫውቻለሁ፤ ቀን መምህር፣ ማታ የባንድ አባል ሆኜ። በዕቃ ፍቅር ያልተያዘ ሰው መስዬ ልቀርብ አልችልም። ለትምህርት ውጭ አገር ሳለሁ ከምግቤ ቀንሼ ባጠራቀምሁት ገንዘብ ባለ አምስት ክር፣ በባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማስተካከያ ያለው ቤዝ ገዛሁ። አገሬ ተመልሼ በእርሱ የተጫወትሁበትን የመጀመሪያ ምሽት በካሴት ቀዳነው። በማግስቱ ሳዳምጠው ያገኘሁት የድሮውን ራሴን ነበር፤ ከከበሮው በጥቂቱ የሚቀድም፣ ድምፁን በጊዜ የማይቆርጥ። አዲሱ ጊታር የጨመረው ነገር ቢኖር ስሕተቴን ጥርት አድርጎ ማሰማቱ ነው።

በእኛ ሙዚቃ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። በቺክቺካ ምት ቤዙ መቼ እንደሚመታ ብቻ ሳይሆን መቼ ዝም እንደሚልም ጭፈራውን ይወስነዋል። ድምፁ ከልኩ ጥቂት ሲረዝም እስክስታ የሚመታው ሰው ትከሻው ይከብደዋል፤ ምክንያቱን ግን አያውቀውም።

ስለ ዕቃ በተነሣ ቁጥር የሚጠቀስ አንድ ሰው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የዲትሮይቱ ሞታውን ባወጣቸው እጅግ ብዙ ዘፈኖች ውስጥ ቤዝ የተጫወተው ጄምስ ጄመርሰን። ዝነኛው መሣሪያው እ.ኤ.አ. የ1962 ፌንደር ፕሪሲዥን ነበር። ክሮቹ ወፍራምና ገጻቸው ለስላሳ ነበሩ፤ ካልተበጠሱ በቀር አይቀይራቸውም ነበር። የሚመታቸውም በአንዲት አመልካች ጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ያ ጊታር ተሰረቀበት። ይህን ታሪክ ሰምተው ክራቸውን ሆን ብለው የሚያዝጉ ወጣቶች አጋጥመውኛል! ጄመርሰን ግን አስቀድሞ ትልቁን የቁም ቤዝ የተማረ ሰው ነው፤ ከዚያም በላይ በአንድ ስቱዲዮ ውስጥ ዘወትር አብረውት የሚቀመጡ ብርቱ ሙዚቀኞች ነበሩት። ታሪኩን የሚተርኩ ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከጊታሩ ይልቅ የምቀናው በዚህ ነው።

ዕቃ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የቤዝ ዝቅተኛው ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የድምፁ አንድ ሞገድ በአየር ላይ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። ትንሽ ስፒከር ይህን ድምፅ በሚገባ ማውጣት አይችልም፤ ጆሯችን ከላይኞቹ ድምፆች ተነሥቶ የጎደለውን ይሞላል እንጂ። በደካማ አምፕሊፋየር የሚጫወት ሰው ራሱን ለመስማት ክሩን በኃይል ይመታል፤ ውሎ አድሮ እጁ ይታመማል። ድኻ መሣሪያ ይዞ መታገል በራሱ ጥበብን ያስተምራል የሚሉ ሰዎች ጣታቸው ሲያብጥ ያዩ አይመስለኝም። ስለዚህ በእኔ ግምት የመጀመሪያው ወጪ ያለውን ጊታር ማስተካከል ነው፤ የአንገቱን ጉብጠትና የክሮቹን ከፍታ። ቀጥሎ በቂ አምፕሊፋየር ይምጣ። የሚተርፈው ገንዘብ ከከበሮ መቺ ጋር ለመለማመጃ ክፍል ኪራይ ይዋል። ትምህርት ክፍላችን የልምምድ ክፍሉን ማታ ማታ ቢከፍት ኖሮ ይህን የመጨረሻውን ባልጠቀስሁ ነበር፤ ባልደረቦቼ እዚህ ስላላችሁ ደግሜ እጠይቃለሁ።

ተማሪው ምክሬን አልሰማም፤ ርካሹን ገዛ። እነሆ ከኋላ ወንበር ይዞት ተቀምጧል። አንገቱ ጥቂት ጎብጧል፤ ከጥያቄዎቻችሁ በኋላ መፍቻዬን አውጥቼ አብረን እናቃናዋለን፤ ማየት የሚፈልግ ይቆይ።